ሊምቦ፦ ያለ አንድ ቃል የሚያስተምር የሞባይል ጨዋታ

ሊምቦ ሲከፈት በጨለማ ጫካ ውስጥ ሣር ላይ የተጋደመ አንድ ትንሽ ልጅ ይታያል። ልጁ ሁለት ነጫጭ ዓይኖቹን ገልጦ ከተነሣ በኋላም ወዴት እንደሚሄድ ወይም እንዴት እንደሚዘል የሚነግር ጽሑፍ አይወጣም። የእህቱ ዕጣ ያሳሰበው ልጅ ሊምቦ ወደተባለው ዓለም እንደገባ የምናውቀው ከጨዋታው አጭር ማስተዋወቂያ ብቻ ነው።

ጨዋታውን የሠራው ፕሌይዴድ የተባለ የኮፐንሃገን አነስተኛ ስቱዲዮ ነው። በዳይሬክተሩ በአርንት ጄንሰን መሪነት የተሠራው ይህ ሥራ በመጀመሪያ የወጣው በ2010 እ.ኤ.አ. ኤክስቦክስ 360 ለተባለው ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር ለሚገናኝ የጨዋታ መሣሪያ) ነበር፤ በ2013 ለአይፎንና ለአይፓድ፣ በ2015 ደግሞ ለአንድሮይድ ስልኮች ቀረበ።

ለኮንሶል የተሠሩ ጨዋታዎች ወደ ስልክ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ስክሪኑን በተሣሉ ቁልፎች ይሞሉታል። ሊምቦ ግን አንድም ቁልፍ አላስቀመጠም፤ ጣትን ወደ ጎን ማንሸራተት ልጁን ያስኬደዋል፣ ወደ ላይ ማንሸራተት ያዘልለዋል፣ ተጭኖ መቆየት ደግሞ ሣጥን ወይም ገመድ ያስይዘዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እጅ ራሱ ስለሚለምደው፣ ዓይን በጥቁርና በግራጫ ጥላ በተሠራው ዓለም ላይ ብቻ ያርፋል።

እንቆቅልሾቹ የጨዋታው ትልቁ ሀብት ናቸው። ግዙፉ ሸረሪት መንገዱን ሲዘጋ ልጁ የሚዋጋበት መሣሪያ የለውም፤ ቀደም ሲል በሣሩ ውስጥ እግሩን ሊቆርጠው የነበረውን ዓይነት የብረት ወጥመድ ጎትቶ ከሸረሪቱ እግር ሥር ማኖር አለበት። ትናንት የገደለን ነገር ዛሬ የሚያድነን መሆኑን ማንም ሳይነግረን በራሳችን ስንደርስበት የሚሰማው ደስታ በሌሎች የሞባይል ጨዋታዎች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። በኋላም አንዲት የምታበራ ትል ልጁ አናት ላይ ወድቃ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲሄድ ስታስገድደው፣ የብርሃን ጨረር ሲነካው ብቻ ፊቱን እንደሚያዞር ማስተዋል የተጫዋቹ ሥራ ነው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰውም ከማንም ሳያንስ ይጫወተዋል።

ልጁ ደጋግሞ ይሞታል፤ ሆኖም ብዙም ሳይርቅ ስለሚነሣ ስሕተቱ ትምህርት ይሆናል። ያም ሆኖ አንዳንዱ ወጥመድ አስቀድሞ ሊታይ የማይችል ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ሞት ፍትሐዊ አይደለም ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው አጋማሽም ከጫካው ወጥቶ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ መጋዝና የስበት ኃይልን ወደሚገለብጡ መሣሪያዎች ሲሻገር የመጀመሪያው ክፍል ምሥጢራዊነት ይሳሳል፤ ቅጽበታዊ ዝላይም በስልኩ መስታወት ላይ ከአውራ ጣት የሚጠይቀው ይበዛል።

አሟሟቱ በጥላ ይሣል እንጂ ጭካኔው ግልጽ ነው፤ ወላጆች የልጁን ገጽታ አይተው ለሕፃናት የተሠራ እንዳይመስላቸው አደራ እላለሁ። ጨዋታው ከጥቂት ሰዓታት በላይ አይወስድም፤ በመሃል የሚያቋርጥ ማስታወቂያም የለበትም። በማርቲን ስቲግ አንደርሰን የተዘጋጀው ድምፅ ከዜማ ይልቅ ነፋስን፣ የማሽን ጉርምርምታንና ዝምታን ስለሚመስል በስልኩ ድምፅ ማጉያ ይጠፋል፤ ስለዚህ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት ይገባል። ወጥመዶቹ በጥቁር ላይ ጥቁር ሆነው ስለሚደበቁም በፀሐይ ብርሃን አይታዩም፤ የሚሻለው ማታ፣ የስክሪኑን ብርሃን ከፍ አድርጎ መጫወት ነው።