አንድ ሰው ብቻ የሚኖርባት ከተማ ውስጥ በርገር በላሁ

በርገሩ ሦስት ዶላር ተኩል ነበር። ጊዜው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2018 ነው። ያኔ አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት፣ ሱ ፎልስ ከተማ፣ አንድ ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የበሬ ሥጋ ሲቆርጥ የሚውል ሰው፣ በዕረፍቱ ቀን በርገር ፍለጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ይነዳል? ጓደኞቼ ስቀውብኛል። እኔ ግን የሄድኩት ሞኖዋይን ላያት ነው። ኔብራስካ ግዛት ውስጥ ያለች ከተማ ነች፤ መግቢያዋ ላይ ያለው ሰሌዳ የሕዝብ ብዛት 1 ይላል።

ያ አንድ ሰው ወይዘሮ ኤልሲ አይለር ናቸው። ያኔ 84 ዓመታቸው ነበር። ከንቲባዋም፣ ጸሐፊዋም፣ ገንዘብ ያዧም፣ የመጠጥ ቤቱ አሳላፊም እሳቸው ናቸው። የመጠጥ ፈቃዱን የሚያመለክቱትም የሚፈቅዱትም እሳቸው። ቀበሌ ስመላለስ ያደግኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ቀናሁ። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ይመለሱ» የሚላቸው የለም። በየዓመቱ ከራሳቸው ላይ ወደ 500 ዶላር ግብር ይሰበስባሉ። አራቱ የመንገድ መብራቶች የሚበሩት በዚህ ነው።

ቤቱ እኛ ግሮሰሪ የምንለው ዓይነት ነው። በከተማው ከሁሉ የቀዘቀዘው ቢራ እዚህ ነው ብለው ይፎክራሉ፤ ሌላ ቤት ስለሌለ ማን ይከራከራል? ስለምነዳ አንድ ብቻ ጠጣሁ። በርገሩ ምንም አልተቀባባም፤ ትኩስ ሥጋ በዳቦ ነው። ዕለቱ ሐሙስ ስለነበር ያለ ሐሳብ ሁለት በላሁ።

የገረመኝ ሰዉ ነው። ጭር ያለ ቤት ጠብቄ ነበር፤ ወንበር ያገኘሁት በመከራ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ከብት አርቢ ናቸው፤ 40 ማይል ነድተው ነው የመጡት። ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ። ሥጋ ፋብሪካ ስላቸው ከት ብለው ሳቁና «እንግዲያው ከብቶቼን ታውቃቸዋለህ» አሉኝ። ልጃቸው ኦማሃ ከተማ ነው የሚሠራው። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ከብቱም ልጁም ከዚህ ተነስቶ ወደ ከተማ ይሄዳል። እኔም ከሌላ አህጉር ተነስቼ የመጣሁት ወደዚያው ነው፣ ከብቱን ልቆርጥ።

ሞኖዋይ በ1930ዎቹ 150 ያህል ሰው ነበራት፤ ባቡርም ያልፍባት ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተሩ የሰዉን እጅ ተካ፣ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ ወጣ። ፖስታ ቤቱ በ1967 ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቱ በ1974። ወይዘሮ ኤልሲና ባለቤታቸው ይህን ቤት የከፈቱት በ1971 ነው፤ ሌላው ሲዘጋ እነሱ ከፈቱ ማለት ነው። በ2000 ቆጠራ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በ2004 ባለቤታቸው አረፉ። የሟቹ 5,000 ያህል መጻሕፍት ዛሬ በአንዲት ትንሽ ክፍል ውስጥ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የምወደው ዓይነት ሐውልት ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። የ2020 ቆጠራ ነዋሪዎቹ 2 ናቸው አለ። አዲስ ሰው ገብቶ አይደለም። የቆጠራው መሥሪያ ቤት የሰውን ግላዊ መረጃ ለመጠበቅ ሲል በትንንሽ ቦታዎች ቁጥሩን ሆን ብሎ ያዛባዋል። አንድ ሰው ብቻ ባለበት ከተማ የማንን ማንነት እንደሚደብቁ እንጃ! ከተማዋ ያለችበት ቦይድ ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ ያለ ነው) ግን በርግጥም እየሳሳ ነው፤ በ2010 2,099 የነበረው ሕዝብ በ2020 1,810 ሆኗል።

ከአምስት ኮከብ አምስት ሰጥቻለሁ። ስወጣ በራፉ ላይ የቆሙትን መኪኖች ቆጠርኩ፤ ዘጠኝ ናቸው፣ የኔን ጨምሮ። በዚያ መንገድ የምትሄዱ ከሆነ ነዳጅ ቀድማችሁ ሙሉ። ሞኖዋይ ማደያ የላትም።