ለወፍ ፎቶ የመጀመሪያ ረጅም ሌንስ፦ 250 ይበቃል ወይስ 600?

ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ ሲበለት አይታችሁ ታውቃላችሁ? አባ ኮዳው ሰው እግር ሥር ገብቶ አንጀት ይለቅማል። እዚያ 600 ሚሊሜትር ሌንስ (ቁጥሩ ሲበልጥ ሩቁን ይበልጥ ያቀርባል) ይዛችሁ ብትቆሙ የሚገባላችሁ ዓይኑና መንቁሩ ብቻ ነው። ፊታችሁን ወደ ሐይቁ ስታዞሩ ደግሞ ቄጠማው ላይ ያረፈችው ትንሽ ወፍ በ250 ነጥብ ታክላለች። ሌንስ የሚመረጠው ወፏ ምን ያህል ታስጠጋኛለች ተብሎ ነው።

ብዙ ጀማሪ እጅ ላይ ያለው የካነን ወይም የኒኮን ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ሌንሱ የሚቀያየር ባለ መስታወት ካሜራ ነው። ስለዚህ ለእነሱ የሚሆኑትን፣ ያገለገሉ እንደምትገዙ አስቤ ላወዳድር።

መጀመሪያ ካነን 55-250 ኤስቲኤም እና ካነን 75-300። ሁለተኛው ቁጥሩ ይበልጣል፣ ዋጋውም ይረክሳል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። የተለመደው 75-300 የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ የለውም፣ ፎከሱ ይዘገያል፣ 300 ላይ ሲደርስ ምስሉ ይደበዝዛል። 55-250 ማረጋጊያ አለው፣ ፎከሱ ፈጠን ያለና ድምፁ የማይሰማ ነው፣ ክብደቱም 375 ግራም ብቻ። ጥርት ያለውን የ250 ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ቆርጣችሁ ብታጎሉት ከደበዘዘው 300 ይሻላችኋል። እነዚህ ካሜራዎች ሴንሰራቸው (ብርሃኑን ተቀብሎ ምስል የሚሠራው ክፍል) አነስ ስለሚል 250ው ሴንሰሩ ትልቅ በሆነ ሙሉ ፍሬም ካሜራ 400 የሚያሳየውን ያህል ያቀርባል።

የኒኮን ሰዎች ኤኤፍ-ፒ 70-300 ዲኤክስን እዩ። ግን ሁለት ዓይነት ነው፤ ስሙ ላይ ቪአር የሚል ከሌለበት ማረጋጊያ የለውም፣ ተዉት። እንደ ዲ90፣ ዲ3100 እና ዲ7000 ባሉ ቆየት ያሉ ካሜራዎች ላይ ደግሞ ጭራሽ ፎከስ አያደርግም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ትንሽ ጠርቀም ያለ ገንዘብ ካላችሁ ፉክክሩ በካነን 400 ኤፍ 5.6 እና በሲግማ 150-600 ኮንቴምፖራሪ መካከል ነው። 400ው እ.ኤ.አ. የ1993 ሌንስ ነው። ዙም የለው፣ ማረጋጊያ የለው፣ ከ3.5 ሜትር ወዲህም አያይም። ቢሆንም 1.25 ኪሎ ብቻ ስለሆነና ፎከሱ ስለሚፈጥን ሰማይ ላይ ለሚዞር ጭልፊት እስካሁን እወደዋለሁ። ለሚበር ወፍ የካሜራውን መዝጊያ ፍጥነት 1/1000 ሰከንድና ከዚያ በላይ ስለምታደርጉ የማረጋጊያው አለመኖር ብዙም አይጎዳም። ቅርንጫፍ ላይ ለተቀመጠች ትንሽ ወፍ ግን ሲግማው ይበልጠዋል። ማረጋጊያም አለው፣ ርቀትም አለው።

የሲግማው ዕዳ ክብደቱ ነው። ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። የመጀመሪያው ሰዓት ደስታ ነው፤ ሁለተኛው ላይ ትከሻ መናገር ይጀምራል። 600 ላይ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ኤፍ 6.3 ስለሚሆን እንደ መናገሻ ሱባ ባለ ጥላማ ጫካ ውስጥ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) መጨመር ግድ ይላል። ባቱ ሐይቅ ዳር ደግሞ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሩቅ ያለው ፔሊካን በሙቀቱ ይርገበገባል። ያንን የትኛውም ሌንስ አያስተካክለውም። በጠዋት መሄድ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ መጀመሪያ 55-250፣ ኒኮን ከሆነ ቪአሩን 70-300 ግዙ። አንድ ዓመት ሥሩበት። ካነሰባችሁ መሀል ላይ ያለውን ዘላችሁ በቀጥታ 150-600 ውሰዱ። 400ው ለበራሪ ወፍ ለሞተ ሰው ነው።

ሻጩ ጋ ስትደርሱ ሌንሱን ከካሜራው ፈትታችሁ በስልክ መብራት ከኋላ አብሩበት። እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ ቢረክስም አትንኩት። ከዚያ ካሜራችሁ ላይ ግጠሙትና የመጨረሻው ርዝመት ላይ አድርጋችሁ ቆርቆሮ ላይ ያረፈች እርግብ አሥር ጊዜ አንሱ። ላባዋ በስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ ስታዩት ካልተቆጠረ፣ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።