ጅማ ላይ የካንሰር ባዮሎጂ ቱቶሪያል ለምትፈልጉ፦ ስምንት ቅዳሜ ተምሬ ያየሁት

ኮቺ፣ ከዋናው አስፋልት ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ታፔላ የሌለው አንድ ክፍል አለ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ሃያ የሚሆኑ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ። በቃ ይኸው ነው። እዚያ ስምንት ቅዳሜ ተቀምጬ የካንሰር ሴል እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚሞት ተማርኩ። ከፍዬ ከተማርኩት ሁሉ የዚህን ያህል የጠቀመኝ የለም፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

ነርስ ነኝ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በሚተኙበት ክፍል ነው የምሠራው። ለማስተርስ መግቢያ ፈተና ማጥናት ስጀምር መጀመሪያ የገባሁት ሌላ ቦታ ነበር፤ የት እንደሆነ አልናገርም። አስተማሪው ሁለት ሰዓት ሙሉ ስላይድ ያነባል። "ለምን?" ብላችሁ ስትጠይቁ "እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" ይላችኋል። ሦስት ሳምንት ታግሼ ተውኩት፣ የከፈልኩትም እዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ የምፈልገው ያንን "ለምን" የሚለውን ነበር። በየቀኑ መድኃኒት እየሰቀልኩ፣ መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ከስሙ ያለፈ ነገር መናገር አለመቻሌ ያንገበግበኝ ነበር።

የኮቺው መምህር ጠና ያሉ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን በፌስታል የማር እንጀራ ይዘው ገቡ። "ከጌራ ነው፣ ቅመሱ" አሉን። ሁላችንም ስንቀምስ ጠየቁ፦ አውራዋ ንብና ሠራተኛዋ ንብ በዘር ይለያያሉ? ግማሾቻችን አዎ አልን። አይለያዩም። ዲኤንኤያቸው ሠራተኛ የመሆንም አውራ የመሆንም አቅም አለው። የሚለያቸው ያደጉበት ምግብ ነው። እጮቹ ሁሉ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ያንኑ ወተት መሳይ ምግብ ያገኛሉ፤ አውራ የምትሆነው ግን እስከ መጨረሻው በሱ ታድጋለች። ምግቡ የትኛው ጂን እንዲነበብ፣ የትኛው እንዲዘጋ ይወስናል። እ.ኤ.አ. በ2008 አውስትራሊያ ውስጥ ተመራማሪዎች ዲኤንኤ ላይ ምልክት የሚለጥፈውን አንድ ኢንዛይም በእጮቹ ውስጥ ሲያዳክሙት፣ አብዛኞቹ አውራ የሚመስሉ ሆነው አደጉ። "ፊደሉ ሳይነካ ንባቡ ሲለወጥ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል" አሉን። ቃሉን እ.ኤ.አ. በ1942 ያወጣው ዋዲንግተን የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ይህን የነገሩን ግን መጨረሻ ላይ፣ ነገሩ ከገባን በኋላ ነው። እኔ ይህን ቅደም ተከተላቸውን ወድጄዋለሁ።

ማሩን በልተን ስንጨርስ ሰሙን ሰበሰቡት። በጣታቸው አሻሽተው አለሰለሱት። ወረቀት ላይ "የተበላሸ ሴል ይፍረስ" ብለው ጻፉና "ይፍረስ" የሚለው ቃል ላይ ሰሙን ጫን አድርገው ለጠፉበት። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቃሉ አልተፋቀም፣ አልተቀደደም፣ ግን አይነበብም። ዲኤንኤ ላይ የሚለጠፈው ሜቲል የሚባለው ትንሽ ምልክት የሚሠራው ይህንኑ ነው። የጂኑ መነሻ ላይ ሲበዛ ጂኑ ዝም ይላል። ቀጥሎ ክርና ጨሌ አከፋፈሉን። የአንድ ሴል ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ነው፤ ያ ሁሉ በዓይን የማይታይ ክፍል ውስጥ የሚገባው ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ እየተጠመጠመ ነው። ጨሌው ሂስቶን ሆነ። ክሩን አጥብቃችሁ ስትጠመጥሙት መርፌ አይገባም፣ ላላ ስታደርጉት ይገባል። የሚነበበው ጂን ላላ ያለው ቦታ ላይ ያለው ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው የላብራቶሪ ባለሙያ ክሯን ቤቷ ወስዳ ለልጇ እንዳሳየችው በሚቀጥለው ሳምንት ነገረችን።

እኔን የያዘኝ ግን በተሰበረና በተዘጋ መካከል ያለው ልዩነት ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ካንሰር ማለት ጂን ሲሰበር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንዳንዱ ጂን በእርግጥ ይሰበራል። ለምሳሌ ፒ53 የሚባለው የሴሉ ዘበኛ ከካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ ተበላሽቶ ይገኛል። ሌላው ጂን ግን ጤነኛ ነው፣ ሰም ተለጥፎበት ነው ዝም ያለው። የተዘጋ ነገር ደግሞ ሊከፈት ይችላል። ይህን ስሰማ ክፍሌ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ነው የመጣብኝ።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት ስለ ሴል ሞት ነበር። ኮርሱ ከሁሉ የሚያምረው እዚህ ላይ ነው። መምህሩ የዕድር ድንኳን ሲፈርስ አስቡ አሉን። ለቅሶው ሲያበቃ ካስማው ይነቀላል፣ ሸራው ይታጠፋል፣ ወንበሩና ድስቱ ተቆጥሮ ይታሰራል፣ ጎረቤት ተሸክሞ ይወስደዋል። በማግስቱ ብታልፉ ቦታው ላይ ድንኳን እንደነበረ አታውቁም። ይህ አፖፕቶሲስ ነው። ሴሉ ይሸበሸባል፣ ዲኤንኤው በልክ በልክ ይቆራረጣል፣ ዕቃው በትናንሽ ጥቅል ይታሰራል። ከውስጥ ያለ አንድ የቅባት ዓይነት ወደ ውጭ ይወጣና "አንሱኝ" የሚል ምልክት ይሆናል፤ በዙሪያው ያሉ ሴሎች ያነሱታል። ኔክሮሲስ ግን ንፋስ ድንኳኑን ከነድስቱ ሲገለብጠው ነው። ወጡ ይፈሳል፣ ሰው ይቃጠላል፣ ሰፈሩ ይረበሻል። እሱ ነው ሰውነትን የሚያስቆጣው።

አፖፕቶሲስ የሚለው ስም ከግሪክ የመጣ ነው፣ የቅጠል መርገፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኬር፣ ዋይሊና ካሪ የተባሉ ሰዎች ናቸው ያወጡለት። ነገሩ በዕቅድ የሚሄድ መሆኑን ያረጋገጠችው ደግሞ አንዲት ትንሽ ትል ናት። ስታድግ 1,090 ሴሎች ትሠራለች፣ ከእነዚህ ውስጥ 131ዱ ሁልጊዜ ይሞታሉ። ሁልጊዜ እነዚያው! በዚህ ሥራ ሦስት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ኖቤል ተሸልመዋል።

አፍራሾቹ ካስፔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ትዕዛዙ ብዙ ጊዜ የሚወጣው የሴሉ ኃይል ማመንጫ ከሆነው ከማይቶኮንድሪያ ነው፤ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን ከዚያ ያመልጥና አፓፍ-1 ከሚባል ሌላ ፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ሥራው ይጀመራል። ቢሲኤል-2 የሚባለው ደግሞ በሩ ላይ ቆሞ አላስወጣም ይላል። ብዙ የደም ካንሰር ሴሎች ይህን በረኛ አብዝተው ነው የሚኖሩት።

አምስተኛው ሳምንት ሁለቱን፣ የሰሙንና የሴል ሞቱን ነገር፣ ገጠማቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 የሕፃናት ካንሰር በሆነው ኒውሮብላስቶማ ውስጥ ካስፔዝ-8 በሜቲል ተዘግቶ ተገኘ። በዓመቱ ደግሞ ሜላኖማ በሚባለው የቆዳ ካንሰር ውስጥ አፓፍ-1 ዝም ብሎ ተገኘ። ማለትም ካንሰሩ ዕድሩን አላጠፋውም፤ የአፍራሾቹን ስም ዝርዝር ነው በሰም የሸፈነው። አንድ ልጅ ከኋላ "ታዲያ ሰሙን የሚፍቅ መድኃኒት የለም?" አለ። መምህሩ ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ እንደቆዩ ፊታቸው ላይ ያስታውቅ ነበር።

አዛሲቲዲን የሚባል መድኃኒት አለ። እ.ኤ.አ. በ1964 ፕራግ ውስጥ ሲሠራ እንደማንኛውም ሴል ገዳይ መርዝ ነበር የታሰበው። በኋላ አይጥ ሴሎች ላይ በትንሽ መጠን ሲያደርጉት ሴሎቹ ሳይጠበቅ ጡንቻ ሆኑ። ምክንያቱ ሜቲል መቀነሱ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ1980 ታወቀ፤ አሜሪካ ውስጥ ለሕሙማን የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። መድኃኒቱ ሰሙን አይፍቅም። ሴሉ ሊባዛ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ፊደል መስሎ ይገባና ሰም ለጣፊውን ኢንዛይም እዚያው አጣብቆ ይይዘዋል፣ አዲሱ ግልባጭም ሰም ሳይለጠፍበት ይወጣል። ስለዚህ ሴሉ ደጋግሞ እስኪባዛ መጠበቅ ግድ ነው። መድኃኒቱ ብቻውን ሲሰጥ ቢያንስ ከ4 እስከ 6 ዙር ይሞከር የሚባለውም ለዚህ ነው። በመጀመሪያው ወር ለውጥ አላየሁም ብሎ ማቆም ገና ግልባጩ ሳይወጣ መሄድ ነው። ይህን የሚያህል ነገር ማንም በዚህ ቋንቋ አስረድቶኝ አያውቅም።

በረኛውን ቢሲኤል-2ን ከበሩ የሚያነሳው ቬኔቶክላክስ የሚባለው መድኃኒት ነው፣ መጀመሪያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2016። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከአዛሲቲዲን ጋር ተጣምሮ፣ ከባድ ኬሞ ለማይችሉ በዕድሜ የገፉ የአጣዳፊ ደም ካንሰር ሕሙማን ተፈቀደ። ደግሞ ሰም ሁሉ ጠላት አይደለም። ግሊዮብላስቶማ በሚባለው የአንጎል ካንሰር ኤምጂኤምቲ የሚባለው ጂን ተዘግቶ ከተገኘ ቴሞዞሎማይድ የሚባለው መድኃኒት የተሻለ ይሠራል፤ ምክንያቱም ያ ጂን መድኃኒቱ ያደረሰውን ጉዳት የሚጠግን ነው። መምህሩ ይህን የጨመሩት ነገሩን አቅልለን ይዘን እንዳንወጣ ነው መሰለኝ።

እኔ ክፍል የምሰቅለው እነዚህን አዳዲሶቹን አይደለም፣ እነ ቪንክሪስቲንን ነው። ግን እነሱም መጨረሻቸው ሴሉን ወደዚያው መፍረስ መግፋት ነው፣ ሊምፎማ ለሚባለው የንፍፊት ካንሰር የምንሰጠው ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ። ባለፈው መንጋጋው በጣም ያበጠ ልጅ ነበረን። ሕክምና በተጀመረ በቀናት ውስጥ እብጠቱ ሟሸሸ። አባቱ ልጃቸውን ፊቱን እየዳሰሱ በኦሮምኛ "ሲስተር፣ ያ ሁሉ የት ገባ?" አሉኝ። ድሮ ቢሆን "መድኃኒቱ አጠፋው" ብዬ አልፍ ነበር። አሁን አጠገባቸው ተቀመጥኩና የድንኳኑን ነገርኳቸው። ድንኳን በኦሮምኛም ዱንካና ነው፣ አልተቸገርኩም። አንድ ሰፈር ሙሉ ድንኳን በአንድ ቀን ሲፈርስ ተሸካሚ ያንሳል፣ መንገዱ ይዘጋል፤ ከፈረሱት ሴሎች የሚመጣው ፖታሲየምና ዩሪክ አሲድ ደም ውስጥ ይበዛል፣ ኩላሊት ይጨናነቃል። ይህን ሁሉ ግሉኮስ ቀን ከሌት የምናንጠለጥለው መንገዱን ለማጠብ ነው አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ዕቃውን የሚቆጥር አለ?" አሉ። አዎ፣ ጠዋት ጠዋት ደም የምንወስደው ለዚያ ነው። በማግስቱ የላብራቶሪው ልጅ ሲመጣ የልጃቸውን እጅ ራሳቸው ሰብስበው ያዙለት። ከዚያ በፊት "ደሙን ጨረሳችሁት" ብለው ይከለክሉን ነበር።

አሁን ያልተመቸኝን ልንገራችሁ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ መምህሩ አይሰሙም፤ ሁለት ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ያህል ዝም ብለን ተቀምጠናል። ጽሑፍ አያድሉም፣ ሰሌዳውን በስልክ እያነሳችሁ ነው የምትወጡት፣ የእጅ ጽሑፋቸው ደግሞ ከባድ ነው። ትልቁ ቅሬታዬ ግን ስለ ፌሮፕቶሲስ ነው። ብረት የሴሉን ሽፋን ቅባት እያዛገ የሚገድልበት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ስም የወጣለት የሞት ዓይነት ነው። ከአፖፕቶሲስ ያመለጡ ሴሎች ለዚህኛው ሊጋለጡ ስለሚችሉ አሁን ብዙ ይጠናል፤ መምህሩ ግን በመጨረሻው ቀን በሩብ ሰዓት ሮጠውበት አለፉ። ነግሬያቸዋለሁ፣ "ልክ ነሽ፣ ለሚቀጥለው ዙር አንድ ሙሉ ቅዳሜ እሰጠዋለሁ" ብለዋል። የፈተና ጥያቄ ልምምድም ትንሽ ነው፤ ለፈተና ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ሌላ ቦታ መጨመር ይኖርባችኋል።

ስምንቱ ሳምንት 2,400 ብር ነው፣ በሁለት ጊዜ መክፈል ይቻላል። ቅዳሜ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥር ተኩል። ተረኛ ሆናችሁ አንድ ቀን ብትቀሩ ሰኞ ማታ መጥታችሁ ያለፋችሁን ትጠይቃላችሁ፣ አይከፈልበትም። ቀጣዩ ዙር ከመስቀል በኋላ ይጀምራል። የቡና እረፍት አለ፣ ጀበናው ከጎረቤት ነው የሚመጣው። ስትሄዱ በግራ በኩል ካለው ጥግ አትቀመጡ፣ ጣሪያው እዚያ ላይ ያፈሳል። ሹራብም ያዙ።