«ዳገቱ ነው» ላለኝ ሻጭ፦ ከወራት በኋላ ስለ እግር ሴንሰሯ

የሩጫ ሰዓቱን ስገዛ ሻጩ «ይሄ ካለህ ሌላ ምንም አያስፈልግህም» ብሎኝ ነበር። ጂፒኤስ አለው፣ የልብ ምት ይለካል፣ እንቅልፍ ይቆጥራል። እንቅልፉስ ይሁን። እንጦጦ ጫካ ውስጥ የሮጥኩትን ርቀት ግን ይቆርጥብኛል።

እዚያ የሮጠ ያውቀዋል፤ ጫካ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚሮጥ የለም። በባሕር ዛፉ መሀል ተከታትለን እንገባለን፣ የፊተኛው በዞረበት መዞር ነው። ሰዓቱ ደግሞ ያለህበትን ነጥብ በነጥብ ይይዝና በመስመር ያገናኘዋል። ቅጠሉና ግንዱ የሳተላይቱን ምልክት ሲያደክሙት፣ የተወላገደውን መስመር በራሱ ያቃናዋል። ማታ ካርታውን ስልኬ ላይ አስፍቼ አየሁት። እኔ የዞርኩትን ዛፍ እሱ ሰንጥቆት አልፏል! አብረውኝ የሮጡት ልጆች ሰዓትም እያንዳንዱ የየራሱን ቁጥር ነው የሚያወጣው። አንድ ላይ አልሮጥንም እንዴ?

ሻጩን ሄጄ ስጠይቀው «ዳገቱ ነው፤ ጂፒኤስ ከላይ ስለሚያይ ዳገት አይቆጥርም» አለኝ። እሺ፣ እናስላው። 100 ሜትር ሄደህ 10 ሜትር የምትወጣበት ዳገት፣ በ1 ኪሎ ሜትር የሚጨምረው 5 ሜትር ገደማ ነው። የኔ ጌታ፣ እኔ የምጠይቅህ በመቶ ሜትሮች ስለሚቆጠር የጎደለ ርቀት ነው።

ሴንሰሯን ከውጭ የመጣ ዘመድ ነው ያመጣልኝ። ጫማ ክር ላይ የምትታሰር ትንሽዬ ነገር ናት። ከሳተላይት ጋር ጉዳይ የላትም። እግር ሲነሳና ሲያርፍ እየተከታተለች የእርምጃውን ርዝመት ትገምታለች፣ ትደምራለች፣ በቃ። ግራ ዞርክ ቀኝ ዞርክ ደንታ አይሰጣትም። ለጫካ የሚፈለገው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግን ልኳን ማስተካከል ግድ ነው። ሱሉልታ የሩጫ መም ላይ ወሰድኳት። የውስጠኛው መስመር 400 ሜትር ነው፤ ሁለተኛው ላይ ከወጣህ በዙር ከ7 ሜትር በላይ ይጨምራል፣ ስለዚህ ጠርዙን ይዞ መሮጥ ነው። 5 ዙር 2,000 ሜትር መሆን ሲገባው እሷ 2,060 አለች። ማስተካከያውን 97 በመቶ አደረግኩት፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነን። ሰዓቱም በጂፒኤሱ እዚያው መም ላይ አበዛ። ጫካ ያሳንሳል፣ መም ላይ ያበዛል። ቢያንስ አንድ ዓይነት ውሸት ቢዋሽ ምን ነበረበት?

«አሰልጣኞች ጫካ ውስጥ በደቂቃ ነው የሚያሮጡት፣ ርቀቱ ምን ያደርግልሃል?» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ ለአትሌት። እኔ ግን የቢሮ ሰው ነኝ፤ ሳምንቴን በኪሎ ሜትር ነው የማቅደው።

እሷም ጣጣ አላት። ጫማ ስትቀይር እንደገና መለካት አለብህ። በክረምት ጭቃ እግር ሲንሸራተት ግምቷ ይዛባል። ደግሞ ሰዓቱ ቅንብር ውስጥ ገብተህ «ርቀቱን ሁልጊዜ ከሴንሰሩ ውሰድ» ካላልከው፣ ሴንሰሯ እግርህ ላይ እያለች እሱ ከጂፒኤሱ መቅዳቱን ይቀጥላል። ይህን ሻጩ አልነገረኝም። እሱ እቴ! ሱቁ ውስጥ ሴንሰር ስለሌለ መሰለኝ «አያስፈልግም» ያለኝ።

ወደ ጫንጮ በሚወስደው አስፋልት ላይ ሁለቱ እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል፣ እዚያ ሰዓቱ ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ ሰዓቱን አልሸጥም። ሴንሰሯን ግን ለማንም አላውስም፣ ለዘመዴም ቢሆን።