ከልጄ አፍ ላይ ማንኪያውን ላስነሱልኝ ባለሙያ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። አንድ የሕፃናት የሥነ ምግብ ባለሙያ ለቤታችን ሰላም መልሰውለታል። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። «ሥራዬን ነው የሠራሁት» ነው ያሉኝ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ያደረጉልንን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ልጁ አልበላ ብሎት እንቅልፍ ያጣ ወላጅ ካለ፣ እንዲህ ያለ ባለሙያ መኖሩን ይወቅ ብዬ ነው። እኔ አላውቅም ነበር።

ልጄ አሁን 3 ዓመት ተኩል ሆኖታል። እስከ አንድ ዓመት ተኩሉ የሰጠሁትን ሁሉ ይበላ ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ እየተወ መጣ። መጀመሪያ አትክልት ተወ። ቀጥሎ ሥጋ። ከዚያ እንቁላል። በመጨረሻ የቀሩት ዳቦ፣ ነጭ ሩዝ፣ ሙዝ፣ ብስኩትና ወተት ነበሩ። ሩዙ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነገር ካየ ሳህኑን ይገፋዋል። የማይፈልገው ነገር አፉ ውስጥ ከገባ አይውጠውም። ጉንጩ ውስጥ ወትፎት ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ይህን ያየች እናት ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባታል።

ያልሞከርኩት የለም። ለመንኩት። አባበልኩት። ካርቱን ከፍቼ ሳያስተውል አጎረስኩት። «ይህን ከጨረስክ ቸኮሌት እሰጥሃለሁ» አልኩት። ተቆጣሁት። አንድ ቀን አገጩን ይዤ በግድ አጎረስኩትና ያለውን ሁሉ አስመለሰው። ያን ቀን እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ። የቅርብ ሰዎች «አሞላቀሽው እኮ» ይሉኛል። አንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ ያለ ምንም ምርመራ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል ብለው ሽሮፕ ሸጡልኝ። 10 ቀን ሰጠሁት። ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ ይውላል። ባለሙያዋ ኋላ ላይ ብልቃጡን ሲያዩት የአለርጂ መድኃኒት እንደሆነ፣ እንቅልፉም ከእሱ እንደመጣ ነገሩኝ። ሐኪም ሳያዝ ለሕፃን እንደማይሰጥም አስረዱኝ።

ወደ እሳቸው የመራችኝ ልጆቻችን አብረው የሚውሉ አንዲት እናት ናት። ቀጠሮ ልይዝ ስደውል አንድ የቤት ሥራ ሰጡኝ። «ለ3 ቀን ወደ አፉ የገባውን ሁሉ ጻፊ። መጠኑንና ሰዓቱንም ጭምር። የተፋውንም አትተይ።» ጽፌ ሄድኩ።

እዚያ ስንደርስ መጀመሪያ ልጁን አላስጨነቁትም። መጫወቻ ሰጥተውት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እኔን መጠየቅ ጀመሩ። የት ነው የሚበላው? ማን ያበላዋል? ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሆዱ ይደርቅበታል ወይ? ሲውጥ ያስለዋል ወይ? ሁሉንም መለስኩ። በመጨረሻ «አንቺስ መቼ ነው የምትበዪው?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። እሱን ሳበላ ቆይቼ፣ የተረፈውን ቆሜ ነበር የምበላው። ምንም አላሉኝም። ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት ብቻ።

ከዚያ መዘኑት። 13 ኪሎ። ቁመቱንም ለኩ። ከተወለደ ጀምሮ የተመዘገበውን ክብደት አምጪ ብለውኝ ስለነበር፣ ሁሉንም በእድገት ሰንጠረዡ ላይ ነጥብ በነጥብ አሰፈሩት። ሰንጠረዡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ነው፤ ከ6 አገሮች በተሰበሰበ የልጆች ልኬት የተሠራ። ነጥቦቹን በእርሳስ አገናኟቸው። «እይው» አሉኝ፣ «ከመካከለኛው መስመር ዝቅ ይላል፣ ግን የራሱን መንገድ ይዞ ነው ያደገው። አልወረደም።» እኔ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳወዳድረው ነበር የኖርኩት። እሳቸው ከራሱ ጋር አወዳደሩልኝ።

ቀጥለው ያስረዱኝን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱን ሦስት እጥፍ ገደማ ያደርሳል። ከ2 ዓመት በኋላ ግን በዓመት የሚጨምረው 2 ኪሎ አካባቢ ነው። እድገቱ ሲቀንስ የምግብ ፍላጎቱም አብሮ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ከ2 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ ልጆች የማያውቁትን ምግብ ይፈራሉ። በአንዳንዱ ይበረታል፣ በአንዳንዱ ይለዝባል፤ ለዚህም የዘር ድርሻ ትልቅ ነው። «ስለዚህ ያንቺ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ለአንድ ዓመት ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ስጠብቅ እንደነበር ያወቅኩት የሰማሁት ቀን ነው። እንባዬ መጣ። ሶፍት አቀበሉኝና እስክረጋጋ ጠበቁኝ።

«ችግር የለም» ብለው ግን አልሸኙኝም። የጻፍኩትን አነበቡ። በየመሃሉ ያለውን ወተት በቀይ እስክሪብቶ አከበቡት። በቀን 4 ጡጦ። ሲደመር 1 ሊትር። ምግብ አልበላ ሲል በባዶ ሆዱ እንዳያድር ብዬ እሰጠዋለሁ። ጡጦውን ስለሚያውቅ ምግቡን ይተወዋል። እሱን አይቼ ደግሞ ሌላ ጡጦ እሞላለሁ። «ይህ ልጅ እኮ እርቦት አያውቅም» አሉኝ። ለእሱ ዕድሜ በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ እንደሚበቃ፣ ወተት ሆድ ይሞላል እንጂ ብረት እምብዛም እንደሌለው፣ ሲበዛ ሆድ እንደሚያደርቅም ነገሩኝ። ወዲያው ለደም ምርመራ ወደ ሕፃናት ሐኪም ላኩኝ። ብረቱ ዝቅ ብሎ ተገኘ። የብረት እጥረት ራሱ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሐኪሙ ለ3 ወር የሚወሰድ የብረት ጠብታ አዘዘለት። ወተቱን ወደ 2 ኩባያ አወረድነው፤ ያውም ከምግብ በኋላ። ጡጦው ቀረ።

ከዚያ ስለ ማንኪያው አወራን። «ከዛሬ ጀምሮ አታጎርሺውም» አሉኝ። ልቤ ስንጥቅ አለ። ሥራውን ለሁለት ከፈሉልን። ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚበላ የምንወስነው እኛ ነን። ይብላ ወይስ ይተው፣ ምን ያህል ይብላ የሚለው የእሱ ነው። ይህን ሐሳብ ያስተዋወቁት ኤሊን ሳተር የሚባሉ አሜሪካዊት የሥነ ምግብ ባለሙያና የቤተሰብ አማካሪ ናቸው፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ። በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ልጁ ምንም ሳይቀምስ ከገበታ ሲነሳ አፍን ይዞ መቀመጥ ግን ቀላል አይደለም።

የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። ምግብ በሰዓቱ እናቀርባለን፤ ሦስት ዋና ምግብ፣ በመሃል ሁለት መክሰስ። ከዚያ ውጭ ውሃ ብቻ። በየገበታው እሱ የሚወደው አንድ ነገር አለ፤ ዳቦ ወይም ሩዝ። ቴሌቪዥን የለም፣ ስልክ የለም። ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ገበታው ይነሳል። ሁለተኛው ቀን ላይ ቁርስና ምሳውን ዳቦ ብቻ በላ። ማታ አንጀቴ አልችል ብሎ ደወልኩላቸው። ስልኩን አነሱ። «የአንድ ቀን አትቁጠሪ፤ የሳምንት ቁጠሪ» አሉኝ። ልጆች በአንዱ ሰዓት ትንሽ፣ በሌላው ብዙ እየበሉ ቀኑን እንደሚያመጣጥኑ አስረዱኝ። መጠኑንም አስተካከሉልኝ። ለልጅ ከአንድ የምግብ ዓይነት በዕድሜው ልክ በሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል፤ ለ3 ዓመት ልጅ 3 ማንኪያ። እኔ የአዋቂ ሳህን ሞልቼ ነበር «አልበላም» የምለው። በማግስቱ ሳልደውል ራሳቸው ደወሉ። ልጁ እንዴት አደረ፣ አንቺስ እንዴት አደርሽ ብለው።

ቸኮሌቱንም አስተዉኝ። «አትክልቱን ከበላህ ቸኮሌት» ስንለው ልጁ የሚማረው አትክልት ቅጣት፣ ቸኮሌት ሽልማት መሆኑን ነው። ሊያን በርች የተባሉ ተመራማሪ ይህን በልጆች ላይ አጥንተው፣ ልጅ ለሽልማት ብሎ የበላውን ምግብ ኋላ ላይ ይበልጥ እንደሚጠላው አሳይተዋል። እኔ በቤቴ አይቼዋለሁና አልተከራከርኩም።

አሁን የካሮቱን ልንገራችሁ። እዚህ ላይ ነው ባለሙያዋ ምን ያህል ሥራቸውን እንደሚያውቁ የገባኝ። አንድ አትክልት ምረጡ አሉን፤ ካሮት መረጥን። በደንብ ቀቅለን በቀጭኑ ቆርጠን፣ ከሳህኑ ጎን በትንሽ ማስቀመጫ እናቀርባለን። ብላ አንልም። እኔና አባቱ ከዚያው እንበላለን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማስቀመጫውን ገፋው። ተስፋ ልቆርጥ ስል «ገና ነው» አሉኝ። ልጅ አንድን አዲስ ምግብ እስኪቀበል 10ም 15ም ጊዜ ማየት ሊኖርበት ይችላል። እኛ ወላጆች በሦስተኛው «አይወድም» ብለን እንተወዋለን። ሳምንት ሳይሞላ መግፋቱን አቆመ። ከዚያ በጣቱ ነካው። አሸተተው። አንድ ቀን ላሰው። ከዚያ ጎርሶ ተፋው። የሚተፋበት ሶፍት አጠገቡ እንድናስቀምጥ አስቀድመው ነግረውን ነበር፤ መትፋት እንደሚፈቀድለት ካወቀ ለመቅመስ አይፈራም። በ14ኛው ቀን አላመጠና ዋጠው። እኔና አባቱ ተያየን። «ጎበዝ! ደግመው!» ልል አፌ ላይ ደርሷል። ግን ማጨብጨብም ጫና ነው ተብለናልና ዋጥኩት። ልጁ ሁለተኛ ቁራጭ አነሳ።

እነሆ 6 ወር ሆነን። የሚበላው ምግብ ተቆጥሮ 14 ደርሷል። ምስርና ዓሣ ገብተዋል። እንቁላል አሁንም በዓይኑ ማየት አይፈልግም። የብረቱ መጠን ተስተካክሏል። ሆዱ መድረቁን ትቷል። ገበታ ስናቀርብ መሸሹን አቁሟል፤ ወንበሩን ራሱ ስቦ ይቀመጣል። እኔን ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ይኸኛው ነው።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ለምትፈልጉ፣ እኔ ያየሁትን ልጠቁም። የልጆች ሕክምና የሚሰጥበት ቦታ ሄዳችሁ የሕፃናት የሥነ ምግብ ባለሙያ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከማውራቱ በፊት የሚመዝን፣ የድሮውን ክብደት የሚጠይቅ ይሁን። ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም የሚልክ ይሁን። የእኔዋ ባለሙያ አንድም ዱቄት፣ አንድም ሽሮፕ አልሸጡልኝም። ወላጅን የማያሳፍር ይሁን፤ የተሰደበ ወላጅ እውነቱን አይናገርም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ ብለውኛል። ሁሉም መራጭ ልጅ እንደኔው ልጅ በትዕግሥት ብቻ የሚስተካከል አይደለም። ክብደቱ ከቀነሰ ወይም ከራሱ መስመር ከወረደ፣ ሲውጥ ካሳለው ወይም ካነቀው፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ የሚበላቸው ምግቦች በጣም ጥቂት ሆነው ይባስ እየቀነሱ ከሄዱ ሳይቆዩ ሐኪም ጋ መውሰድ ነው። ከተራ ምርጫ ያለፈ፣ ምግብን እስከ መሸሽ የሚያደርስ ሕመም አለ። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ መዝግቦታል። ይህ በ«ሲርበው ይበላል» አይታለፍም። ባለሙያዋ የእኔን ልጅ ሲያዩ ያን ሁሉ ጥያቄ የጠየቁት ይህን ለመለየት እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

እና እርስዎ፣ ይህን ካነበቡት፦ እግዜር ይስጥልኝ። በዚያ ማታ ስልኩን ስላነሱልኝ፣ በማግስቱም ራስዎ ስለደወሉ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን «አንቺስ መቼ ነው የምትበዪው?» ብለው ጠይቀውኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ማታ፣ ከልጄና ከአባቱ ጋር፣ ቁጭ ብዬ፣ ምግቤ ሳይቀዘቅዝ።