«ቤቢ ሲተርስ ክለብ»ን እንደገና ለማንበብ፦ ልብ ወለዱ ወይስ በሥዕል የተሠራው?

ልብ ወለዱ፦ አን ኤም. ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1986 የጀመረችው፣ የሰው ልጆችን በክፍያ የሚጠብቅ ክለብ ስላቋቋሙ ልጃገረዶች የሚተርክ፣ ከመቶ በላይ መጻሕፍት ያሉት ተከታታይ ነው። ሁሉንም ልግዛ ካሉ ኪስ ይጎዳል፤ ያገለገለ ቅጂ ይሻላል። የክለቡ አባላት ትውውቅ በየመጽሐፉ ስለሚደጋገም ዝለሉት፤ ምንም አይቀርባችሁም። የማንበቡ ትርፍ የቤተሰቡ ጣጣ ነው። የክለቡ መሥራች የክሪስቲ እናት ሀብታሙን ዋትሰንን ልታገባ ስትል ልጅቷ ታኮርፋለች፤ የሌላውን ሰው ልጆች ሁሉ እየጠበቀች የእሱን ልጆች ግን አልጠብቅም ትላለች። በልጅነቱ ለክሪስቲ ያደላ አንባቢ አሁን ለእናትየዋ ማዘኑ አይቀርም።

በሥዕል የተሠራው፦ ሬይና ቴልገማየር እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረችው። አንዴ ቁጭ ካሉ ሳይነሱ ያልቃል፤ ኩርፊያውም ፊት ላይ ይነበባል። የውስጥ ሐሳቡ ግን ይሳሳል።

ትዝታ ለሚፈልግ ልብ ወለዱ። ቤቱ ውስጥ ፍቺ ወይም አዲስ ጋብቻ ኖሮ ከልጁ ጋር ለሚያነብ፣ ወሬውን ለመክፈት ሥዕሉ ይቀላል።