ባለ 20 ሊትር ተሽከርካሪ የአክቲቬትድ ካርቦን ምድጃ፦ ማክሰሉን ይችላል፣ እንፋሎቱ ላይ ያጥረዋል

እዚህ የምንገመግመው አግድም የተኛ፣ በዝግታ የሚዞር የስቴንለስ ስቲል ቱቦ ያለው ትንሽ ምድጃ ነው። ቱቦው 20 ሊትር ይይዛል። ዙሪያውን 3 ኪሎዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አለው፤ በአንድ ጫፉ እንፋሎት ይገባል፣ በሌላው ጋዝ ይወጣል። የሚሸጠው «ቅርፊት ያስገቡ፣ አክቲቬትድ ካርቦን ያውጡ» እየተባለ ነው፤ አክቲቬትድ ካርቦን ማለት ውስጡ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተቦረቦረ፣ ለውኃ ማጣሪያና ለመሳሰለው የሚውል ከሰል ነው። የመጀመሪያውን ሥራ፣ ማለትም ቅርፊቱን ያለ አየር ማክሰሉን፣ በሚገባ ይሠራዋል። ከሰሉን ወደ አክቲቬትድ ካርቦን የሚቀይረው ሁለተኛው ሥራ ግን ማሞቂያውና እንፋሎት ማመንጫው ካልተጠናከሩ አይሳካለትም። እንደመጣ ቢሠሩበት የሚያወጣው ውድ ከሰል ነው።

ማክሰሉ ላይ ብዙ አንቆይም። የኮኮናት ቅርፊት ሆነ የፍራፍሬ ጠንካራ ፍሬ፣ እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች እስኪወርድ ደርቆ ይገባል። ሙቀቱ በደቂቃ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ እየጨመረ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስና እዚያ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ከገባው ደረቅ ክብደት ከሰል ሆኖ የሚቀረው ከሩብ እስከ ሲሶ ገደማ ነው። የምድጃው መቆጣጠሪያ ይህን ዝግታ በትክክል ይጠብቃል፤ ይህ ምስጋና ይገባዋል፤ ሙቀቱ ቢጣደፍ ቅጥራኑ ይበዛል፣ ከሰሉም ያንሳል፣ ይሰነጣጠቃልም። ድክመቱ መውጫው ነው። ቀጭንና እርቃኑን የቀረ ቧንቧ ስለሆነ ቅጥራኑ እዚያው ይቀዘቅዝና ይዘጋዋል፤ ሲዘጋ ደግሞ ውስጡ ግፊት ይፈጠራል። ሰፊና አጭር ቧንቧ ተክቶ፣ እስከ ጋዝ ማቃጠያው ድረስ በሙቀት መከላከያ መጠቅለል ግድ ነው።

ከሰሉ ከወጣ በኋላ ተሰባብሮ በወንፊት ይለያል። ለውኃ ማጣሪያ የሚሆነው ከ0.6 እስከ 2.36 ሚሊሜትር ያለው ነው። ዱቄቱ ይለይ፤ ምድጃ ውስጥ ቀድሞ ተበልቶ የሚያልቀው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ተሽከርካሪ ቱቦ እንዲገላበጥ ከአንድ አምስተኛው በላይ አይሞላም፤ ስለዚህ 20 ሊትሩ የሚቀበለው 4 ሊትር ያህል፣ በክብደት 2 ኪሎ ግድም ከሰል ነው። እንፋሎት ከ800 ዲግሪ በላይ ካርቦን ሲያገኝ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ይሰጣል፤ ቀዳዳው የሚቦረቦረው በዚህ መልክ ነው። ከከሰሉ 40 በመቶው እንዲበላ ከተፈለገ 0.8 ኪሎ ካርቦን መሄድ አለበት። ለ12 ግራም ካርቦን 18 ግራም ውኃ ስለሚያስፈልግ፣ በሒሳብ 1.2 ኪሎ ውኃ ይበቃል። በተግባር ግን ብዙው እንፋሎት ካርቦኑን ሳይነካ ያልፋልና 3 ኪሎ ቢታሰብ ይሻላል፤ በሁለት ሰዓት ሲከፈል በደቂቃ 25 ግራም ይሆናል።

ይህ ሁሉ ሙቀት ይበላል። አንድ ኪሎ ካርቦን በእንፋሎት ሲበላ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ስለሚስብ ለ0.8 ኪሎው 2.4 ይሄዳል። 3 ኪሎ ውኃ አፍልቶ እስከ 850 ዲግሪ ለማድረስ ደግሞ 3.5 አካባቢ ይፈልጋል። ድምሩ ወደ 6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በሁለት ሰዓት ሲከፈል የ3 ኪሎዋቱን ማሞቂያ ሙሉ አቅም ይወስዳል፤ በግድግዳ በኩል የሚባክነው ገና አልታሰበም። ውጤቱ የታወቀ ነው፦ እንፋሎቱ እንደተከፈተ ሙቀቱ መውረድ ይጀምራል፣ ከ800 በታች ሲሆን ቡርቦራው እጅግ ይዘገያል። መፍትሔው እንፋሎቱን ለብቻው በሌላ ማሞቂያ እስከ 300 ወይም 400 ዲግሪ አሙቆ ማስገባት ነው። እንዲህ ሲደረግ የውኃ ጠብታ ወደ ቀላው ብረት መግባቱም ይቀራል፤ ጠብታው ብረቱን ይሰነጥቃል። የከሰሉን መጠን ወደ 1 ኪሎ መቀነስም ያዋጣል። ሙቀቱን ከ1000 በላይ ገፍቶ ጊዜ ለማሳጠር መሞከር ግን ይጎዳል፤ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ የእንክብሉን ውጫዊ ገጽ ብቻ ይልጠዋልና ክብደቱ ይጠፋል፣ ቀዳዳው አይጨምርም።

ሙቀት መለኪያው የተተከለው ቱቦው ላይ በውጭ በኩል ነው። ይህ ትልቅ ስህተት ነው። ማሞቂያው ከውጭ ስለሆነና ካርቦኑ ውስጥ ሙቀት እየሳበ ስለሆነ፣ ግድግዳው 900 ሲያሳይ ከሰሉ ገና ከ800 በታች ሊሆን ይችላል። ኬ ዓይነት ቴርሞካፕል የተባለውን የሙቀት መለኪያ ሽቦ በመሐል ዘንጉ በኩል አስገብቶ፣ ጫፉን ከሰሉ ውስጥ ማስቀበር ያስፈልጋል።

ደኅንነቱን በተመለከተ ሻጮች ከሚያያይዙት መመሪያ በላይ መጠንቀቅ ይገባል። የሚወጣው ጋዝ ሽታ የሌለውና ገዳይ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት፤ ከሃይድሮጅን ጋር ስለሆነ አየር ቢገባበት ይፈነዳል። ስለዚህ ምድጃው ደጅ ወይም ጣሪያው ክፍት በሆነ ቦታ ይቀመጥ፣ ጋዙ መውጫው ላይ ይቃጠል፣ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያም አጠገቡ ይኑር። ከማሞቅ በፊት 100 ሊትር ናይትሮጅን፣ ማለትም የቱቦውን አምስት እጥፍ፣ ማሳለፍ አየሩን ያስወጣል። ሲቀዘቅዝም ውኃ መቋጠር ሳይጀምር እንፋሎቱ ተዘግቶ ናይትሮጅን ይተካ። ትኩስ አክቲቬትድ ካርቦን አየር ሲያገኝ በራሱ ይቀጣጠላል፤ ከ50 ዲግሪ በታች ሳይወርድ ክዳኑ አይከፈት።

ቱቦው ከምን እንደተሠራ ሳይጠይቁ አይግዙ። 304 የሚባለው ስቴንለስ ስቲል በ850 እና በ900 ዲግሪ የአቅሙ ጫፍ ላይ ነው፤ ቶሎ ይላላጣል፣ ይጎብጣልም። 310 ዋጋው ይብሳል፣ ግን ለዚህ ሥራ የሚሆነው እሱ ነው። ፎስፎሪክ አሲድ ወይም ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተነክሮበት የሚሠራ ካርቦን ደግሞ በሁለቱም ቱቦ አይሞከር፤ ኬሚካሎቹ ብረቱን ይበሉታል።

ጥሬ ዕቃ አመዱ ያነሰ ይመረጥ። ካርቦኑ ሲበላ አመዱ እዚያው ስለሚቀር፣ 2 በመቶ አመድ የነበረው ከሰል 40 በመቶው ሲሄድ 3.3 በመቶ ይሆናል። የሩዝ ቅርፊት ሲሊካው (አመድ ሆኖ የሚቀረው አሸዋ መሰል ማዕድን) ስለሚበዛ ለዚህ ምድጃ አይመከርም። የተገኘው ካርቦን በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከታጠበ በኋላ የእጥበቱ ውኃ ፒኤች ከ6 እስከ 7 እስኪደርስ በንጹሕ ውኃ ይታጠብና በ110 ዲግሪ ይደርቃል።

ውጤቱን በቀለሙ መለየት አይቻልም፤ ከሰሉም ካርቦኑም ጥቁር ነው። የገባውንና የወጣውን ደረቅ ክብደት መመዘን የመጀመሪያው ፈተና ነው፦ ሁለት ሰዓት ሠርቶ 10 በመቶ ብቻ ከቀነሰ እንፋሎቱ አልሠራም። ከዚያ ኤኤስቲኤም ዲ4607 በተባለው የሙከራ ደረጃ መሠረት የአዮዲን ቁጥሩ፣ ማለትም አንድ ግራም ካርቦን የሚይዘው የአዮዲን መጠን፣ ይለካ። ለውኃ ማጣሪያ በሚሸጥ ጥሩ የኮኮናት ካርቦን ላይ በአንድ ግራም ከ900 እስከ 1100 ሚሊግራም ይገኛል፤ ምድጃው ከላይ እንደተባለው ካልተስተካከለ ወደዚህ ቁጥር አይቀርብም።